ምኗ ነህ?

ባለፈው ካውያን የተውናት አራተኛው መተኮሻ ፊት ቆማ፣ አፏን ከፍታ ነው። አፏ እስካሁን አልተዘጋም። እንፋሎቱ ይገባል፣ ይወጣል፣ ከልካይ የለው።

ማንስ ቢሆን ይዘጋል? የላውንደሪው አለቃ፣ ያቺ የጫማዋ ተረከዝ ከእሷ ቀድሞ የሚደርሰው ሴትዮ፣ መጥታ አንድ አዲስ ግራጫ ሽርጥ ጠረጴዛዋ ላይ ወረወረችላት። ከዚያ ከየአገሩ የመጣው ሠራተኛ ሁሉ በሚግባባባት በዚያች ስብርባሪ ቋንቋ፣

«ከሰኞ ጀምሮ እዚህ የለሽም» አለቻት። «ላይኛው ሰፈር፣ የቤት ሠራተኛ። ሽርጡን ራስሽ ተኩሺው።»

«ማን ቤት?»

«መካኒኩ ቤት። ስምሽን ጠርቶ የጠየቀው ራሱ ነው። ዕድለኛ ነሽ፣ አመስግኚ።»

ቋ፣ ቋ፣ ቋ። ሄደች።

መካኒኩ! ሌላ ሰው ቢሆን እኮ ወግ ነው። የእሷ መካኒክ! ትናንት በምሳ ሰዓት በመስታወቱ አሻግሮ ሲያያት ማንኪያውን አፉ መስሎት አገጩ ላይ ያሳረፈው መካኒክ!

አዲስ መጥታችሁ ግራ ለገባችሁ ነገሩ እንዲህ ነው። ያ ላውንደሪ የሆቴሉን የሆስፒታሉን አንሶላ ሁሉ የሚያጥብ ትልቅ ቤት ነው። እዚያ ውስጥ የአገሩ ተወላጅ ባለቤቱ ብቻ ነው፤ እሱንም የሚያውቁት ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ፎቶው ነው። የቀረው ሁሉ መጤ ነው። ግን መጤም ከመጤ ይበላለጣል። ልዩነቱ በሥራ አይደለም፣ በጉልበት አይደለም፣ በፓስፖርት ነው። የደህና አገር ፓስፖርት የያዘ ሰው መታወቂያው በሰማያዊ ገመድ አንገቱ ላይ ይንጠለጠላል፤ እንደ ካውያ ያለው በቢጫ። አንድ ማሽን አጠገብ ቆመው፣ አንድ ዓይነት ላብ አልቧቸው፣ ሰማያዊው በፊት በር ይገባል፣ ቢጫው በኋላ። ሰማያዊው ፎቅ ላይ ባለው ምግብ ቤት ይበላል፣ ቢጫው ምድር ቤት፤ በመስታወት አሻግረው ላይና ታች ይተያያሉ። ሰማያዊዎቹ የሚጠጡት ውሃ ጥርስ ያቀዘቅዛል፤ የቢጫዎቹን ግን ቅጠል ብትጨምሩበት ሻይ ይወጣዋል።

መካኒኩ ሰማያዊ ነው። መልኩን ካያችሁት ግን የካውያ የአክስት ልጅ ነው ብትባሉ አትከራከሩም። ቋንቋው አንድ፣ ግንባሩ አንድ፣ ሲናደድ አፍንጫውን የሚነፋው ሳይቀር አንድ። እናቱ ናት በሕፃንነቱ አዝላው ባሕር ተሻግራ፣ በሰው አገር አሳድጋው፣ የዚያ አገር ሰው ያደረገችው። ደሙ የኛ፣ ወረቀቱ የነሱ።

የተዋወቁት በአራተኛው መተኮሻ ነው። ማሽኑ ተበላሽቶ ሊጠግን መጣ፣ እንፋሎቱ ጣቱን ለበለበው፣ «ወይኔ እናቴ!» ብሎ ዘለለ። ካውያ ከጎኑ ነበረች። ካውያ የተባለችው ደግሞ ስለምትተኩስ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ምላሷም ያው ነው።

«እናትህን ተዋትና ጣትህን ውሃ ውስጥ ክተት» አለችው።

ቀና ብሎ አያት። ከዚያች ቀን ጀምሮ ቀና እንዳለ ቀረ።

አነጋገሩ ያስቃታል። ቋንቋውን እናቱ ናት ያስተማረችው፤ እናቱ ደግሞ ያስተማረችው ያኔ ስትወጣ ይዛ የወጣችውን ነው። እና ሣጥን ውስጥ እንደቆየ ልብስ ነው፤ ንጹሕ ነው፣ ግን ማንም አይለብሰውም። «እንደምን አረፈድሽ፣ አንቺ ሸጋ» ይላታል፣ በዚያ ሁሉ ማሽን ጩኸት መሃል። የላውንደሪው ልጆች በሳቅ ይሞታሉ። እሷ ግን ማታ ማታ ትራሷ ላይ «አንቺ ሸጋ» እያለች ለራሷ ትለማመዳለች።

ከዚያ ወዲህ አራተኛው መተኮሻ ጤና አጣ። ካውያ አንዲት የሸሚዝ ቁልፍ ከእግር መርገጫው ሥር ትወትፋለች፣ ማሽኑ ሲጢጥ ሲጢጥ ይላል፣ ደወሉን ትጫናለች፣ መካኒኩ የመሣሪያ ሣጥኑን ይዞ እየሮጠ ይመጣል። በርከክ ብሎ ቁልፏን ያገኛታል፣ ምንም ሳይል ኪሱ ይከታታል፣ ከዚያ ምንም ያልሆነውን ማሽን ግማሽ ሰዓት ሲጠግን ይቆያል።

ባለፈው ሲጠግን ነው እንግዲህ፣ ቀና ሳይል፣ «አንድ ቀን ቤቴ ብትመጪ ደስ ይለኝ ነበር» ያላት።

«ምን ብዬ? የላይኛው ሰፈር ዘበኛ ቢጫ ገመድ ሲያይ ውሻውን ነው የሚፈታው።»

«መንገድ እፈልጋለሁ። ለኔ ተይው።»

መንገድ! ካውያ ያቺን ቃል ይዛ ሄደች። መንገድ ማለት ምን ሊሆን ይችላል? እሷ እንደሆነ አንድ ነገር ብቻ ነው የታያት። የእጇ ጣት በእሳት ተለብልቦ ሻካራ ነው፤ ቀለበት የሚገባበትን ጣት ለይታ ሳምንቱን ሙሉ ቫዝሊን ስትቀባ ከረመች።

የመጣላት ግን ሽርጥ ነው። ኪሱ ላይ የመካኒኩ ቤት ቁጥር በነጭ ክር ተጠልፎበታል፤ የቤት ሠራተኛ ብትጠፋ የማን እንደሆነች እንዲታወቅ።

ተኮሰችው። ምን ታድርግ፣ እጅ ለምዷል፣ ጨርቅ ካየ ይተኩሳል። ስፌቱን አቃናች፣ ማሰሪያዎቹን አቃናች፣ ቁጥሩ ላይ ስትደርስ አንዲት እንባ ጠብ አለችና ጭስስ ብላ ጠፋች። የደስታ ትሁን የንዴት ለካውያም አልገባትም። ተኖ ያለቀ እንባ ምን ተብሎ ይጠየቃል።

*

የሴቶቹ ማደሪያ ወሬው ቀድሟት ደርሷል። በሩን ስትከፍት እልልታ ተቀበላት።

«የራስሽ ክፍል!» አለች ጉንጬ፣ ከላይኛው አልጋ ላይ እንደ ዝንጀሮ ተንጠልጥላ። ጉንጬ የክፍል ጓደኛዋ ናት፤ ስሟን ያገኘችው ከፊቷ ነው። «መስኮት ያለው! እንፋሎት የለ፣ ተረኛ የለ፣ የኔ ማንኮራፋት የለ! ደግሞ ከእሱ ጋር! እንዴት አድርገሽ ጸለይሽ? አስተምሪኛ!»

«ከእሱ ጋር አይደለም። ለእሱ ነው።»

«ምን ልዩነት አለው?»

ካውያ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ልዩነቱ ደረቷ ውስጥ አለ፣ ግን ቃል ሆኖ አይወጣም። «እትዬ አየሁ፣ እስቲ ይንገሯት» አለች።

እትዬ አየሁ በማደሪያው ከሁሉም የቆዩት ሴትዮ ናቸው። ወሬ ሲጀምሩ «ብዙ አይቻለሁ» ስለሚሉ ነው ስሙ የወጣላቸው። እግራቸውን የሞቀ ውሃ ውስጥ ነክረው ነበር፤ ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣

«ብዙ አይቻለሁ» አሉ። «ሠራተኛ ሆና ገብታ እመቤት ሆና የወጣች አይቻለሁ። ሠራተኛ ሆና ገብታ ሠራተኛ ሆና የወጣችም አይቻለሁ። ሆዷን ይዛ የወጣችም አይቻለሁ።»

«እና እኔ የትኛዋ ነኝ?»

«አንቺን ገና አላየሁሽም፣ ልጄ።»

«እምቢ ብልስ?»

ጉንጬ ከላይ ሆና ሳቀች፤ እትዬ አየሁ ግን ዓይናቸውን ገለጡ። «እምቢ ያላትን አለቃዋ የት እንደምትልካት ታውቂያለሽ። እርጥቡ ክፍል ነው።»

እርጥቡ ክፍል ከግቢው ጀርባ ነው። ከሆስፒታል የሚመጣው አንሶላ ማሽን ውስጥ ከመግባቱ በፊት እዚያ በገንዳ ተነክሮ በእጅ ይታሻል። ሰው እዚያ እግሩ አይደርቅም። ካውያ ግን ያሰበችው ስለ እግሯ አይደለም። እርጥቡ ክፍል ውስጥ ማሽን የለም። ማሽን ከሌለ ብልሽት የለም። ብልሽት ከሌለ መካኒክ የለም። ላይና ታች የሚተያዩበት መስታወት እንኳ የለም።

«ብሄድ በየቀኑ አየዋለሁ» አለች፣ ለማን እንደምትናገር ሳታውቅ።

«ታይዋለሽ» አሉ እትዬ አየሁ። «ቆመሽ።»

ያን ሌሊት ቫዝሊኗን ከፍታ ጣቷን ስታይ ቆየች። ልትቀባው ነው? ልትተወው? ክዳኑን ከደነችው፣ መልሳ ከፈተችው፣ መልሳ ከደነችው። ወንድን መጥላት ቀላል ነበር፤ ጥሩ ነገር ያደረገላትን መስሎት የሚስቅ ወንድ ግን ከየት ይጀመራል?

*

በማግስቱ ቁልፍ አልወተፈችም። ዝም ብላ ደወሉን ተጫነች።

መካኒኩ ፀጉሩን በውሃ አበጥሮ፣ ጥርሱን ሁሉ ይዞ መጣ። «ዛሬ ደግሞ ምን አገኛት?» ብሎ በርከክ አለና ከመርገጫው ሥር ዳበሰ። ዳበሰ፣ ዳበሰ። «የለም» አለ፣ ግራ ገብቶት።

«የለም። ዛሬ የታመመው ማሽኑ አይደለም።»

ሽርጡን ፊቱ ዘረጋችው። ፊቱ እንዴት እንደበራ ብታዩ!

«ደረሰሽ! መንገድ እፈልጋለሁ አላልኩሽም? አገኘሁት!»

«መንገዱ ይሄ ነው?»

«ያለው እሱ ብቻ ነው። ሁሉንም ቢሮ ዞሬያለሁ። ቢጫ ገመድ ያላት ሴት ላይኛው ሰፈር ልትኖር የምትችለው በዚህ ብቻ ነው አሉኝ። ስሙ ነው እንጂ አንቺ ምንም አትነኪም! ሳህን እኔ አጥባለሁ። ቤት እኔ እጠርጋለሁ። እንቁላልም አሳምሬ እጠብሳለሁ።»

«እንቁላል!»

«እወድሻለሁ ማለቴ ነው።»

ያቺን ቃል ካውያ በሕልሟ ስንት ጊዜ ሰምታታለች! በሕልሟ ግን ከእንቁላል ቀጥላ መጥታ አታውቅም። መተኮሻውን ያዘች፣ መተኮሻው አቃጠላት፣ ለቀቀችው። በሌላ ቀን ቢሆን አንገቱ ላይ ነበረች። አሁን ግን እዚያ አንገት ላይ ሰማያዊው ገመድ ተንጠልጥሏል፤ እጇ ውስጥ ደግሞ ግራጫው ሽርጥ አለ።

«በየትኛው በር ነው የምገባው?» አለችው።

«እ?»

«ቤትህ። በየትኛው በር?»

«በ… በጓሮው በኩል። እሱ የኔ አይደለም፣ የሰፈሩ ደንብ ነው…»

«ጓደኞችህ ሲመጡስ? ‹ይህቺ ማን ናት› ሲሉህ ‹ምኔ ናት› ነው የምትላቸው?»

መካኒኩ አፉን ከፈተ። ምንም አልወጣም። ከኋላቸው ማድረቂያው ይንጓጓል፣ አንድ ሰው ከሩቅ ጋሪ ይገፋል፣ እሱ መታወቂያውን በገመዱ ያገላብጣል። ካውያ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ቢዋሻት እንኳ ደስ ይላት ነበር። «እጮኛዬ እላለሁ» ቢላት፣ ውሸት መሆኑን እያወቀች፣ ሽርጡን ለብሳ ትከተለው ነበር። አልዋሻትም።

«እናቴም በዚያ በር ነው የገባችው» አለ በመጨረሻ፣ ቀስ ብሎ።

«ምን?»

«ሠራተኛ ሆና፣ በጓሮ በር። እኔ ጀርባዋ ላይ ነበርኩ። ቆይቶ የቤቱ ጌታ አገባት። ለኔም ስሙን ሰጠኝ፣ ወረቀቱን ሰጠኝ፣ እንደ ልጁ አሳደገኝ። ሰው እንዲህ ነው የሚገናኘው ብዬ ነው ያደግሁት፤ አንደኛው ቤት አለው፣ ሌላኛዋ በጓሮ ትገባለች፣ ቆይቶ ይዋደዳሉ። ሌላ የፍቅር ታሪክ አላውቅም። ያንቺን ክብር ልነካ አስቤ እንደሆነ ዓይኔ ይጥፋ!»

ካውያ ንዴቷን የት እንዳስቀመጠችው ጠፋባት። ሰውየው እየቀለደ አይደለም። እናቱ የገባችበትን በር፣ ለእሷም እንደ ስጦታ ይዞላት የመጣ ልጅ ነው የቆመው። ታቅፈው ወይስ ትምታው? እጇ ሁለቱንም ፈልጎ አየር ላይ ቀረ።

«ወዳ ነው?» አለችው።

«ማን?»

«እናትህ። ወዳ ነው ያገባችው? ወይስ ‹እምቢ› ብትል የምትሄድበት ስላልነበራት?»

ከመካኒኩ ፊት ደስታው ቀስ እያለ ሲጠፋ አየች፤ አንሶላ ላይ ያለ መጨማደድ በእንፋሎት እንደሚጠፋ፣ ሳቁ እንዳለ ተተኮሰ።

«ጠይቄያት አላውቅም» አለ።

«ጠይቃታ!»

ሽርጡን ወረወረችበት። ደረቱ ላይ አረፈ። አቀፈው እንጂ አላራገፈውም፤ እንዳቀፈው፣ የመሣሪያ ሣጥኑን እዚያው ረስቶ፣ በሰማያዊው በር ወጣ። ካውያ ልትከተለው ነበር። ሦስት እርምጃ ሄዳ ወለሉ ላይ የተሰመረው መስመር ጋ ደረሰች፤ ከዚያ ወዲያ ቢጫ አያልፍም። እዚያው መስመሩ ላይ ቆማ፣ የሰደበችውን ሰው ናፈቀችው።

*

ቅዳሜ ለአለቃዋ «እምቢ» አለቻት። አለቃዋ አልተቆጣችም፤ እንዲያውም ፈገግ አለች። «እርጥቡ ክፍል፣ ሰኞ» አለች። ቋ፣ ቋ፣ ቋ።

እሑድ የመጠየቂያ ቀን ነው። በማደሪያው ግቢ ሁለት መግቢያ አለ። ትልቁ የብረት በር የዘመድ ነው፤ ጠያቂ ሁሉ ደጁ ላይ ፀሐይ እየጠበሰው ይሰለፋል። የጎን በሩ ደግሞ የአሠሪ ነው፤ ጥላ አለው፣ ወንበር አለው፣ ሰልፍ የለውም። ሰማያዊ ገመድ ያለው ሰው ሠራተኛውን ሊወስድ ሲመጣ በዚያ ይገባል።

ሁለቱንም የሚጠብቁት ጋሼ ፊሽካ ናቸው። የኛው የአገር ልጅ ናቸው፤ ፊሽካው ከአፋቸው የሚወጣው ሲበሉና ማይክሮፎን ሲይዙ ብቻ ነው። ደንቡ ጠያቂው ለተጠያቂዋ ምን እንደሆነ በማይክ እንዲጠራ ነው፦ «የጉንጬ ወንድም! ግባ!» ማንም እውነቱን አይናገርም። የጉንጬ እናት በዚህ ዓመት ብቻ ስንት ወንድ ልጅ እንደወለደች ብትሰማ አልጋ ላይ ትወድቅ ነበር።

ካውያ ፀጉሯን ታጥባ ፎጣ ጠምጥማ ነበር። ጉንጬ ከመስኮቱ ጮኸች፦

«ኧረ ኑ! ኧረ ጉድ ኑ! ሰማያዊ ሰልፍ ውስጥ ቆሟል!»

ካውያ አልሄደችም። ከዚያ ሄደች። ከዚያ ከመጋረጃው ኋላ ሆና አንድ ዓይኗን አወጣች።

እሱ ነው። ከረጅሙ ሰልፍ መጨረሻ፣ ራሱ ላይ ምንም ሳያደርግ፣ በብብቱ ግራጫ ነገር ይዞ። ጋሼ ፊሽካ እየተጣደፉ ሄዱበት።

«ኧረ ጌታዬ፣ እርስዎ በጎን በር ነው! ጥላ አለ፣ ይግቡ!»

«እዚህ ይሻለኛል፣ ጋሼ።»

«ፀሐዩ እኮ አናት ይበሳል!»

«ሌሎቹንስ?»

ጋሼ ፊሽካ ሌሎቹን ዞረው አዩ፤ ከዚያ በፊት አናት እንዳላቸው ያስተዋሉ አይመስሉም። አጉረመረሙና ተመለሱ። ሰልፉ ይንቀሳቀሳል፣ ይቆማል። መካኒኩ ከሸሚዙ ሥር ቀልጦ አለቀ። ካውያ ከላይ ሆና እያንዳንዷን እርምጃውን በሆዷ ቆጠረችለት። ሂድ ትለዋለች በልቧ፤ እንዳትሄድ ትለዋለች እዚያው ላይ።

ተራው ደረሰ።

«እሺ፣ ማንን ነው?» አሉ ጋሼ ፊሽካ፣ ማይኩ እንደተከፈተ፤ ግቢው ሁሉ ይሰማል።

«ካውያን።»

«ምኗ ነህ?»

መካኒኩ በብብቱ የያዘውን ጠበቅ አደረገ።

«ወንድም በልና ግባ። ሁሉም እንዲያ ነው የሚለው።»

«ወንድሟ አይደለሁም።»

«ዘመድ?»

«አይደለሁም።»

«አሠሪ?»

«አይደለሁም» አለ መካኒኩ፣ ይሄኛውን ጮክ ብሎ። «እሷን ይጠይቋት። እሷ ያለችኝን ነኝ።»

መስኮቶቹ ሁሉ ጭንቅላት አበቀሉ። ማይኩ ጓ! አለና፣ «ካውያ! ነይ ውረጂ! ይሄ ሰው ምንሽ ነው?» የሚለው ድምፅ ፎቁን ሁሉ ዞረው።

ካውያ ደረጃውን በአንድ ነጠላ ጫማ ወረደች፤ ሌላኛው የት እንደቀረ ዛሬም አልተገኘም። በሩ ጋ ስትደርስ በብረቱ መሃል ተያዩ። ዓይኑ ቀልቷል። የፀሐይ ብቻ አይደለም።

«ጠየቅኋት» አላት፣ ሰላምታ ሳያስቀድም። «ደወልኩላት። መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ፣ ‹ደግ ሰው ነው፣ ክፉ አላየሁበትም። ግን ልጄ፣ እስከ ዛሬ ስሜን ሲጠራ ሳላስበው ብድግ እላለሁ› አለችኝ።»

ካውያ ብረቱን ያዘችው።

«ስትነሳ አይቻት አውቃለሁ» አለ። «ከልጅነቴ ጀምሮ አያታለሁ። ፍቅር ነው የመሰለኝ።»

ከኋላው ሰልፈኛው ያጉረመርማል። ጋሼ ፊሽካ ላባቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ ሰው እየጠበቀሽ ነው። ምንሽ ነው?»

ምኗ ነው? የምትወደው ሰው ነው። የሰደበችው ሰው ነው። እንቁላል እጠብሳለሁ ያላት ሞኝ ነው። ነገ እርጥቡ ክፍል ስትገባ የምታጣው ሰው ነው፤ ዛሬ ደግሞ በሰው ሁሉ ፊት ያልዋሸባት ሰው ነው። ይሄን ሁሉ በማይክ እንዴት ይሉታል?

«አሠሪዬ አይደለም» አለች።

«እሱን አልጠየቅሁሽም። ምንሽ ነው?»

«ገና አላወቅሁም፣ ጋሼ። ያስገቡት።»

ጋሼ ፊሽካ ሁለቱንም አዩ፣ ማይኩን አዩ፣ ሰማይን አዩ። «የካውያ… እ… ገና ያልታወቀ! ግባ!»

ከመስኮቶቹ ሳቅና ጭብጨባ ወረደ። በሩ ተንጫጫ፣ ተከፈተ፣ መካኒኩ ከሰልፉ ‹ወንድሞች› ሁሉ ጋር ገባ።

ግቢው ውስጥ መቀመጫ የለም። እሷ ደረጃው ላይ ተቀመጠች፣ እሱ ባልዲ ገልብጦ ከፊቷ ተቀመጠ፤ ባልዲው አጭር ነውና ቀና ብሎ ነው የሚያያት። በብብቱ የያዘውን ዘረጋላት። ሽርጡ ነው። ቁጥሩ የለም፤ በነበረበት ቦታ ላይ የመርፌ ቀዳዳ ብቻ ተደርድሯል።

«ቁጥሩን ፈታሁት።»

«ፈትተኸው ለምን ይዘኸው መጣህ?»

«እንጃ። ምን እንደማደርገው ጠፋኝ።»

ኪሱ ውስጥ የሆነ ነገር ይንኳኳል። እጇን ከተተች፤ ቁልፎቿ ናቸው፣ የሸሚዝ ቁልፎቿ፣ ነጩም ቡኒውም፣ ከመርገጫው ሥር የለቀማቸው ሁሉ። ካውያ ልትቀልድ አፏን ከፈተች፤ ምላሷ፣ ያ ምላሷ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀዝቅዞ አገኘችው።

«ነገ እርጥቡ ክፍል ነኝ» አለች። «ማሽን የለም እዚያ።»

«ሰምቻለሁ። እሑድ እሑድ እሰለፋለሁ።»

«ፀሐዩ ያቀልጥሃል።»

«ልቅለጣ።»

«እኔ ግን አሁንም አልገባኝም። ስለኛ። እንዴት እንደምንሆን። አንተ በላይ፣ እኔ በታች…»

«እኔም አልገባኝም» አለ።

ሁለቱም ሳቁ፤ ምን እንዳሳቃቸው ግን አትጠይቁ። ፊሽካው ተነፋ፣ ሰዓት አለቀ። ተነሥቶ ወደ በሩ ሄደ። ካውያ ቁልፎቿን በእፍኟ ይዛ ደረጃው ላይ ቀረች። ከብረቱ በር ሥር ሲደርስ ዞረና ጠራት። ካውያ ብሎ አይደለም፤ እናቷ ባወጣችላት ስም፣ በዚያ በአሮጌው አጠራሩ፣ እየጎተተ።

እግሯ ብድግ ሊል ሲል ሰማችው። ጉልበቷን በሁለት እጇ ያዘች።

አልተነሣችም።

መካኒኩ አየ። የገባው ይመስላል፤ ፊሽካውን፣ ጋሼ ፊሽካንም፣ የሚዘጋውንም በር ትቶ ያንን ግቢ ሙሉ ተመልሶ መጣላት፤ እግሯ ሥር ደርሶ ቆመ።

«ምን ልልሽ ነበር?» አለ። «ጠፋኝ።»

ካውያ ተቀምጣ ቀና ብላ አየችው። እሷ ተቀምጣለች። ልቧ ግን፣ ማንም ሳይጠራው፣ ብድግ ብሎ ቆሞ ነበር።